ማዕድን ወይስ ሚኒራል? ስለ ቃሉ ትርጉምና አመጣጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ማዕድን» የሚለውን ቃል የጂኦሎጂ ባለሙያውም፣ የሥነ ምግብ ባለሙያውም፣ ሕግ አርቃቂውም፣ ውሃ አሻጊውም ይጠቀሙበታል። የሚሉት ነገር ግን አንድ አይደለም። «ውሃ ማዕድን ነው ወይስ አይደለም?»፣ «ነዳጅስ?» የሚሉት ክርክሮች መቋጫ የሚያጡት ብዙ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች በየሙያቸው ትክክል ስለሆኑ ነው።

«ሚኒራል» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ከመካከለኛው ዘመን ላቲን። «ሚኔራ» ማለት የማዕድን ጉድጓድ፣ እንዲሁም ከጉድጓዱ የሚወጣው ብረት አዘል ድንጋይ ነበር። «ሚኔራሊስ» ከዚያ የወጣ ቅጽል ሲሆን «የጉድጓዱ»፣ «ከጉድጓድ የወጣ» እንደ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ ነው። «ሚኔራ» ከፈረንሳይኛው «ሚን» ጋር ይዛመዳል፤ የዚህም ሥር ኬልቲክ ሳይሆን አይቀርም። በዌልስ ቋንቋ «ሙይን»፣ በጥንታዊ አይሪሽ ደግሞ «ሜይን» ብረት አዘል ድንጋይን የሚጠሩ ቃላት ናቸውና።

የጥንት ሮማውያን ግን «ሚኔራ» አይሉም ነበር። የማዕድን ጉድጓድን «ሜታሉም» ይሉታል፤ ቃሉንም የወሰዱት ከግሪኩ «ሜታሎን» ነው። በሮም ሕግ «ዳምናቲዮ አድ ሜታላ» የሚባል ከባድ ቅጣት ነበር። ይህን የዛሬ ሰው «ብረታ ብረት» ብሎ ቢፈታው ይሳሳታል፤ ፍርዱ ጉድጓድ ውስጥ መቆፈር ነው። «ሜታል» ለብረታ ብረት የዋለው ኋላ ነው። በአጭሩ ሚኒራልም ሜታልም በመጀመሪያ የቦታ ስሞች ነበሩ። ሰው ቦታውን ጠራ፤ ከዚያ ስሙ ከቦታው ወደሚወጣው ነገር ተሻገረ።

የአማርኛው «ማዕድን»ስ ከየት ነው?

ከዐረብኛው «መዕዲን» ነው። የዐረብኛው ሥር ዐ-ደ-ነ ሲሆን «በአንድ ስፍራ ረጋ፣ ተቀመጠ፣ ኖረ» የሚል ትርጉም አለው። ከፊት ያለችው መ ቦታን ታመለክታለች። መስጂድ የሚሰገድበት፣ መጅሊስ የሚቀመጡበት እንደሆነ ሁሉ መዕዲንም «ነገር ረግቶ የሚገኝበት» ነው። በአማርኛ መኖሪያ፣ መቀመጫ ስንል ይህችው መ ተመሳሳይ ሥራ ትሠራለች። «መ» ወደ «ማ» የተለወጠችው ከጉሮሮ ፊደል በፊት ስለገባች ነው፤ ማኅበር፣ ማዕዘን፣ ማዕበል በሚሉት ቃላት ላይም ይኸው ይታያል።

እዚህም ታሪኩ ያው ነው፤ ቃሉ ከቦታ ተነሥቶ ወደ ዕቃ ሄዷል። የላቲኑ «ሚኔራ»፣ የግሪኩ «ሜታሎን»ና የዐረብኛው «መዕዲን» እርስ በርሳቸው ሳይኮራረጁ አንድ መንገድ መሄዳቸው ይገርማል። በስፔን ደግሞ አልማዴን የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟ «አል መዕዲን»፣ ማለትም «የማዕድን ጉድጓዱ» ነው። በዓለም ትልቁ የሜርኩሪ ማዕድን ማውጫ የነበረባት ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 ከስሎቬኒያዋ ኢድሪያ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። የእሷ ስምና የእኛ «ማዕድን» አንድ ቃል ናቸው።

ለተርጓሚዎች አንድ ማሳሰቢያ። በዛሬው ዐረብኛ «መዕዲን» ሚኒራልንም ሜታልንም ይሸፍናል። ከዐረብኛ ሲተረጎም ሁሉንም «ማዕድን» እያሉ መሄድ ያሳስታል፤ ጽሑፉ ስለ መዳብ ሽቦ የሚያወራ ከሆነ ማለት የተፈለገው «ብረታ ብረት» ነው።

ማዕድንና ማዕድ ይዛመዳሉ?

አይዛመዱም። የምግብ ገበታው በግእዝ በአሌፍ «ማእድ» ተብሎ ይጻፋል። በዐረብኛ አቻው «ማኢዳ» ውስጥም ያለው ሀምዛ፣ ማለትም የአሌፍ አቻ ነው፤ ዐይን የለበትም። ማዕድን ግን በዐይኑ ዐ ነው። አማርኛ ሁለቱን ድምፆች አንድ ስላደረጋቸው በጽሑፍም ተቀላቀሉ፤ «ከምድር ማዕድ የሚገኝ ስለሆነ ማዕድን ተባለ» የሚለው ማብራሪያም የመጣው ከዚሁ ነው። ጥሩ ስብከት ይወጣዋል፤ የቃል ታሪክ ግን አይደለም።

በጂኦሎጂ «ማዕድን» የሚባለው በትክክል ምንድን ነው?

ዓለም አቀፉ የማዕድን ጥናት ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ኧርነስት ኒክል እ.ኤ.አ. በ1995 ለማኅበሩ ያዘጋጀው ትርጓሜ ዛሬም ይሠራበታል። በትርጓሜው መሠረት ማዕድን በመሬት ተፈጥሯዊ ሂደት የተፈጠረ፣ በተለመደው ሁኔታ ክሪስታላዊ የሆነ ንጥረ ነገር ወይም የኬሚካል ውህድ ነው። በማኅበሩ የጸደቁት ዝርያዎች ዛሬ ከ6,000 በላይ ሆነዋል።

ትርጓሜው ውስጥ ሦስት ማጣሪያዎች አሉ፦ የተፈጥሮ ሂደት፣ ክሪስታል፣ የታወቀ ኬሚካዊ ስሪት። የሚከራከሩባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ በእነዚህ ማሳለፍ ነው።

በረዶ ያልፋል። ከሰማይ የወረደ በረዶ ክሪስታል አለው፣ ስሪቱ የታወቀ ነው፣ የሠራውም ሰው አይደለም። ፈሳሽ ውሃ ክሪስታል ስለሌለው ይወድቃል። ማቀዝቀዣ ውስጥ የተሠራው በረዶ ደግሞ በመጀመሪያው ማጣሪያ ይቀራል። አንድ ነገር ሦስት መልስ ሲያገኝ ሰው ይስቃል፤ ደንቡ ግን ይህንኑ ነው የሚለው።

ድንጋይ ከሰል ብዙ ነገር የተደባለቀበት ስለሆነ አለት እንጂ ማዕድን አይደለም። የእሳተ ገሞራ መስታወት የሆነው ኦብሲዲያንም ክሪስታል የለውም። በቤተ ሙከራ የተሠራ አልማዝ በጥንካሬም በስሪትም ከተፈጥሮው አይለይም፤ ነገር ግን ሰው ስለሠራው በዚህ ትርጓሜ ማዕድን አይባልም። የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎልና የኩላሊት ጠጠር ሙሉ በሙሉ የሕያው አካል ሥራ ስለሆኑ ይቀራሉ።

ሜርኩሪ፣ በጥንቱ ስሙ ባዜቃ፣ ከደንቡ ውጪ የገባ ነው። የሚረጋው ከዜሮ በታች በ39 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ በመደበኛ ሙቀት ፈሳሽ ነው፤ ቢሆንም ከጥንት ጀምሮ በማዕድንነት ስለተመዘገበ ማኅበሩ አላወጣውም። ኦፓልም እንዲሁ ነው፤ የተስተካከለ ክሪስታል ባይኖረውም በቆየ ልማድ መዝገቡ ላይ አለ። ሳይንስም አንዳንዴ ለእድሜ ቦታ ይለቃል።

አለት፣ ማዕድንና ብረት አዘል ድንጋይ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አለት የማዕድናት ስብስብ ነው። ግራናይትን በጸሐይ ብርሃን አቅርበው ቢያዩት መስታወት የሚመስለው ግራጫ ኳርትዝ ነው፤ ነጭ ወይም ሮዝ ሆኖ ጠፍጣፋ ገጽ የሚያሳየው ፌልድስፓር ነው፤ በጥፍር የሚፈለቀቀው ጥቁር ወይም ብርማ ቅጠል ሚካ ነው። አንድ አለት፣ ሦስት ማዕድን።

ብረት አዘል ድንጋይ የሚለው ግን የሳይንስ ሳይሆን የገንዘብ ስያሜ ነው፤ ከውስጡ ያለው ብረታ ብረት ወጪውን ችሎ የሚያተርፍ አለት ማለት ነው። የገበያ ዋጋ ሲወድቅ ትናንት በዚህ ስም የተጠራው ዛሬ ተራ አለት ይሆናል፤ ድንጋዩ ግን አልተለወጠም።

የከበሩ ድንጋዮች ስምም ከማዕድን ስም ጋር አይገጥምም። ሩቢና ሰንፔር ሁለቱም ኮረንደም የተባለው አንዱ ማዕድን ናቸው። ሩቢን የሚያቀላው ጥቂት ክሮሚየም ነው፤ ለሰማያዊ ሰንፔር ቀለሙን የሚሰጡት ብረትና ቲታኒየም ናቸው። በተቃራኒው አልማዝና ግራፋይት ሁለቱም ንጹሕ ካርቦን ሆነው ሳለ የአተሞቻቸው አደራደር ስለሚለያይ ሁለት ማዕድን ናቸው።

«ፎሲል»ም ድሮ ማዕድን ማለት ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በላቲን «ፎሲሊስ» ማለት «የተቆፈረ» ነው፤ ድንጋይም ይሁን አጥንት ለውጥ የለውም። ጀርመናዊው ሊቅ አግሪኮላ እ.ኤ.አ. በ1546 ስለ «ፎሲሎች» ያሳተመው መጽሐፍ በአብዛኛው የሚያወራው ዛሬ ማዕድን ስለምንላቸው ነገሮች ነው። የድሮ ጽሑፍ የምትተረጉሙ «ቅሪተ አካል» ከማለታችሁ በፊት የታተመበትን ዓመት ተመልከቱ።

ነጭ ድንጋይ አግኝቻለሁ፤ ማዕድኑን በቤት ውስጥ መለየት እችላለሁ?

ብዙ ነጭ ድንጋዮች ጂፕሰም፣ ካልሳይት ወይም ኳርትዝ ሆነው ይገኛሉ፤ ሦስቱን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣው የጥንካሬ መለኪያ ከ1 እስከ 10 ይደርሳል፤ ታልክ 1፣ ጂፕሰም 2፣ ካልሳይት 3፣ ኳርትዝ 7፣ አልማዝ 10 ነው። ጥፍር 2.5፣ መዳብ ከ3 ትንሽ ከፍ ያለ፣ የብረት ቢላና የመስኮት መስታወት 5.5 ገደማ ናቸው።

መጀመሪያ ድንጋዩን ስበሩትና አዲስ ገጽ አውጡ። ይህን መዝለል የስሕተቶች ሁሉ ምንጭ ነው፤ ዝናብና ጸሐይ የመታው ገጽ ስለሚልም ጠንካራው ድንጋይ ለስላሳ ይመስላል። ከዚያ በጥፍር ጫሩ። ከተጫረ ጂፕሰም ሊሆን ይችላል። በጥፍር ካልሆነ በቢላ ሞክሩ፤ በቢላ ከተጫረ ካልሳይትን ጠርጥሩ። ቢላውም ካቃተውና ድንጋዩ መስታወት ከጫረ ኳርትዝ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከጫራችሁ በኋላ መስመሩን በጣት ጥረጉት። መስመሩ ከጠፋ የቢላው ብረት ድንጋዩ ላይ ቀርቶ ነው እንጂ ድንጋዩ አልተጫረም። ብዙ ሰው ኳርትዝን ካልሳይት የሚለው እዚች ላይ ተሳስቶ ነው።

ለማረጋገጥ 10 በመቶ የሆነ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ጠብታ አድርጉበት፤ ዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት ይኑር። ካልሳይት ወዲያው ይፈላል። ካልሳይትን የሚመስለው ዶሎማይት የሚፈላው ተፈጭቶ ሲደቅቅ ብቻ ነው። አሲድ ከሌለ ኮምጣጤም ይሠራል፤ ደካማ ስለሆነ ግን ድንጋዩን ማድቀቅ፣ ኮምጣጤውን ትንሽ ማሞቅና በአጉሊ መነጽር አረፋ መፈለግ ያስፈልጋል። ጨው ነው ብለው የጠረጠሩትን አትቅመሱ፤ ውሃ ውስጥ ጨምሩት፣ ከሟሟ መልሱን አገኛችሁ።

ወርቅ የሚመስለውን ፓይራይት ለመለየት በቀለሙ አትመኑ። ባልተለበጠ ሸክላ ላይ ቢፈተግ ፓይራይት አረንጓዴ አዘል ጥቁር መስመር ይተዋል፤ ወርቅ ቢጫ። በመዶሻ ቢመታ ፓይራይት ይፈረካከሳል፣ ወርቅ ይዘረጋል። በእጅ ሲመዝኑትም ይታወቃል፤ ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ ፓይራይት ግን 5 እጥፍ ብቻ።

ምግብ ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ብረት ለምን «ማዕድናት» ተባሉ?

ከአመዱ የተነሣ ነው። ምግብ ሲቃጠል ስኳሩ፣ ስቡ፣ ፕሮቲኑና ቫይታሚኑ በጋዝና በጢስ ይሄዳሉ፤ የሚቀረው አመድ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1735 ተፈጥሮን እንስሳት፣ ዕፅዋትና ማዕድናት ብሎ በሦስት ከፍሎ ስለነበር የማይቃጠለው ክፍል ከሦስተኛው ወገን ተቆጠረ። ካልሲየም በጂኦሎጂ ትርጉም ማዕድን አይደለም፤ ንጥረ ነገር ነው። ሶዲየምና ካልሲየም ብቻቸውን ሆነው በተፈጥሮ አይገኙም። ጂኦሎጂስት «ሶዲየም የተባለ ማዕድን» የሚል ጽሑፍ ሲያይ የሚያኮርፈው ለዚህ ነው፤ የሥነ ምግብ ባለሙያው ግን በራሱ ሙያ አልተሳሳተም።

የምግብ ላቦራቶሪዎች ዛሬም አጠቃላይ ማዕድኑን የሚለኩት በአመድ ነው። ከ2 እስከ 5 ግራም ናሙና በተመዘነ የሸክላ ዕቃ ይደረጋል፤ ጢሱ እስኪያልቅ ቀስ ብሎ ይከሰላል፤ ከዚያ በ550 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ ነጭ ወይም ፈካ ያለ ግራጫ እስኪሆን ይቆያል። እርጥበት በማይገባበት ዕቃ ቀዝቅዞ ይመዘናል። 5 ግራም ዱቄት 0.09 ግራም አመድ ከተወ 1.8 በመቶ ነው። ካልተነፋ የስንዴ ዱቄት የሚጠበቀው በዚህ ገደማ ሲሆን የነጩ 0.5 በመቶ አካባቢ ነው፤ ማዕድኑ በብዛት ያለው ገለባው ላይ ስለሆነ።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። ሳይከሰል በቀጥታ ምድጃ የገባ ናሙና ይነፋና ይፈሳል። ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ሲያልፍ የሶዲየምና የፖታሲየም ክሎራይድ መትነን ይጀምርና ውጤቱ ያንሳል። አመዱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከቀረ ደግሞ ካርቦን አለ ማለት ነው፤ ቀዝቅዞ በጥቂት የተጣራ ውሃ ይርጠብ፣ ይድረቅ፣ ተመልሶ ይቃጠል።

በቀን ከ100 ሚሊግራም በላይ የሚያስፈልጉት ዋና ማዕድናት ይባላሉ፦ ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ክሎራይድ፣ ማግኒዥየም። ብረት፣ ዚንክ፣ አዮዲን፣ ሴሌኒየምና መሰሎቻቸው በጥቂቱ የሚያስፈልጉ ናቸው። «ጥቂት» ሲባል ምን ያህል እንደሆነ ለማየት፣ የአዋቂ ሰው የቀን ካልሲየም 1,000 ሚሊግራም ሲሆን አዮዲኑ 150 ማይክሮግራም ነው፤ ከ6,000 እጥፍ በላይ ልዩነት።

«ሚኒራል ውሃ» የሚባለው ጋዝ ያለው ውሃ ነው?

ጋዙ ከስሙ ጋር ግንኙነት የለውም። ስሙ የተሰጠው ከምድር ሲወጣ የሟሙ ጨዎችን ይዞ ለሚመጣ የምንጭ ውሃ ነው። ግራ መጋባቱ የመጣው ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1767 ጋዝ ውሃ ውስጥ ማስገባት ከቻለና ያዕቆብ ሽዌፔ በ1783 በጄኔቫ ለገበያ ማምረት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ሰው ሠራሹ ውሃ የምንጩን ስም ይዞ ተሸጠ። ስለዚህ ነው በአየርላንድ፣ በናይጄሪያና በጋና «ሚኒራል» ሲባል ለስላሳ መጠጥ የሚመጣው።

ሕጉም እንደየአገሩ ነው። በአሜሪካ ውሃው ከምንጩ ጀምሮ በሊትር ቢያንስ 250 ሚሊግራም ገደማ የሟሟ ነገር ካልያዘ በዚህ ስም አይሸጥም። በአውሮፓ ኅብረት ዝቅተኛ ልክ አልተቀመጠም፤ ከ50 ሚሊግራም የማይበልጠው «በጣም አነስተኛ»፣ እስከ 500 «አነስተኛ»፣ ከ1,500 በላይ «በማዕድን ጨው የበለጸገ» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ጠርሙሱ ላይ መፈለግ ያለበት የጠቅላላ ሟሟ ነገር መጠን ነው፤ የትልቁ ጽሑፍ ቃል ብዙ አይነግርም። ተጣርቶ ኋላ ጨው የተጨመረበት ውሃ ሌላ ነገር ነው።

ሚኒራል ዘይት፣ ሚኒራል አሲድ፣ ሚኒራል ሱፍ ምን አገናኛቸው?

«ከእንስሳትም ከዕፅዋትም ያልሆነ» የሚለው የሊኔየስ ክፍፍል ነው። ሚኒራል ዘይት ከድፍድፍ ነዳጅ ይጣራል፤ በኬሚስትሪ ግን ኦርጋኒክ ነው፣ ስሙ ከዘይት ፍሬ እንዳልተጨመቀ ብቻ ይነግራል። ሚኒራል አሲድ የሚባሉት ሰልፈሪክ፣ ናይትሪክና ሃይድሮክሎሪክ ከማዕድናት ይሠሩ የነበሩ ናቸው፤ ከኮምጣጤ የሚለዩትም በዚህ ነበር። ሚኒራል ሱፍ ቀልጦ የተፈተለ አለት ወይም የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ሲሆን ለሙቀትና ለድምፅ መከላከያ ይውላል።

የማዕድናት ስም ለምን በ«አይት» ያልቃል?

ከግሪኩ «ኢቴስ» ነው፤ ድንጋይን ሲገልጽ «የ... ድንጋይ» ማለት ይሆናል። ሄማታይት «የደም ድንጋይ» ነው፤ ጥቁር ሆኖ ቢታይም ሲፈተግ ቀይ መስመር ይተዋል። ካኦሊናይት ከቻይናው ጋኦሊንግ፣ አራጎናይት ከስፔኗ ሞሊና ደ አራጎን፣ ጎታይት ከገጣሚው ጎተ ተሰይመዋል። ዛሬ አዲስ ማዕድን ያገኘ ሰው የማዕድኑን ስም ለዓለም አቀፉ የማዕድን ጥናት ማኅበር ያቀርባል። በራሱ ስም መሰየም አይፈቀድለትም፤ በሕይወት ባለ ሰው ስም ከሆነም ሰውየው መፍቀድ አለበት።

በአማርኛ ስጽፍ የትኛውን ልጠቀም?

ለጂኦሎጂ «ማዕድን»፣ በዐይኑ ዕ። ለምግብ «ማዕድናት»ም «ሚኒራሎች»ም ተለምደዋል፤ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻ መያዝ ነው። ስለ ካልሲየም በኬሚስትሪ እየጻፉ ከሆነ «ንጥረ ነገር» ይበሉ። ጉድጓዱን «ማዕድን» ብቻ ብሎ መጥራት በታሪክ ትክክል ነው፤ የዛሬ አንባቢ ግን ድንጋዩ ይመስለዋልና «ማዕድን ማውጫ» ይሻላል። ስለ ሕግ ሲጽፉ የዚያን ሕግ የትርጓሜ አንቀጽ መጀመሪያ ያንብቡ፤ አንዳንድ ሕግ አሸዋና ነዳጅን ይጨምራል፣ ሌላው ያስወጣል። ብዙ ቁጥሩ «ማዕድናት» ወይም «ማዕድኖች» ነው፤ «ማዕድናቶች» ሁለት ጊዜ የበዛ ነው።